የበራው ስም

ኢሳይያስ ጌም አቆመ ሲባል ሶዶ መናኸሪያው አካባቢ ያልሳቀ ሰው አልነበረም። እሱ ጌም ከሚያቆም ዳሞታ ተራራ ተነሥቶ ቦዲቲ ቢሰፍር ይቀላል አሉ። አንዱ ሴት ይዞ ነው አለ፤ ሌላው ዓይኑን አሞት ነው አለ፤ አንዲት ጎረቤት ደግሞ ጌታ ነክቶት ነው ብላ ለጸሎት ጓደኞቿ አወራች። ሰው መቼም የማያውቀውን ነገር ከራሱ ሲሞላ አይደክመውም። ራሱን ሲጠይቁት "ሰለቸኝ" ይላል። ውሸቱን ነው። አልሰለቸውም፤ እጁ እስከ ዛሬ ስልኩን ፍለጋ ትራስ ሥር ይገባል። ነገሩ ሌላ ነው፣ ባይነገርም ይሻል ነበር፤ ግን ከተጀመረ አይቀር ይነገር።

ኢሳይያስ ባዳቾ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ እናታቸው ፋንታዬ ናት ቅቤ በገበያ እየቸረቸረች ያሳደገቻቸው። ሶዶ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ሲከፈት አግዳሚውን ቀድመው ከያዙት ልጆች መካከል እነሱ ነበሩ። ከመዘምራን ልምምድ ቀርተው እዚያ ስታገኛቸው አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ፣ በጆሮ ይዛ በዋናው መንገድ ትነዳቸው ነበር። "ሰይጣን ድሮ ዛፍ ላይ ነበር የሚኖረው፤ አሁን ቴሌቪዥን ውስጥ ገባላችሁ" ትላቸዋለች። እነሱም እያለቀሱ ይሄዱና በነጋታው እዚያው ይገኛሉ።

ባዳቾ ሲያድግ እንደ ብዙው ያገር ልጅ በኬንያ በኩል አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ገባ። የራሱ ወረቀት ስላልነበረው በሌላ ሰው ስም በወጣ ወረቀት አንድ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ይህን ቤተሰቡ ያውቃል፣ ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም። ኢሳይያስ ሶዶ ቀርቶ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ የሞባይል ሱቅ ከፈተ፤ አዲስ ይሸጣል፣ አሮጌ ይገዛል፣ የተሰበረ ይጠግናል። አመሻሽ ላይ ሁለቱም ሥራቸውን ሲዘጉ በየስልካቸው የኳስ ጌም ከፍተው ይገናኛሉ።

የወንድማማች ወግ ይታወቃል። ደውለው "እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ እማዬስ" ከተባባሉ በኋላ የሚሉት ይጠፋቸውና ስለ ዝናብ ያወራሉ። ጌሙ ላይ ግን ሌላ ነበሩ። ባዳቾ ኳስ ማቀበል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከመሀል ሜዳ እየለጋ ጎል ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ሲገባበት ደግሞ ተናዶ ጨዋታውን ጥሎ ይወጣል። በወጉ ተሸንፎ አያውቅም፣ እያቋረጠ ነው የኖረው። ኢሳይያስ ወንድሙ ቀኑን እንዴት እንደዋለ ከአጨዋወቱ ይረዳ ነበር፤ ደክሞት እንደሁ፣ ከአለቃው ተጣልቶ እንደሁ፣ አገር ናፍቆት እንደሁ። ቆይቶ ፋንታዬም ገባት። ቁጣውን ተወችና ራት ላይ "ተጫወታችሁ?" ትለዋለች። "ተጫወትን" ሲላት "ተመስገን" ብላ ትተኛለች። ለእሷ የደቡብ አፍሪካ ዜና ማለት ይኸው ነው።

ሐምሌ ላይ የባዳቾ ስም ጠፋ። ጌሙ ላይ ጓደኛ ሲገባ ከስሙ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ይበራል፤ የእሱ አልበራ አለ። ስልኩ ቢደወል አይጠራም። ኢሳይያስ መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አለ፤ ቀጥሎ ሥራ በዝቶበት ነው አለ፤ በኋላ የሚለው አለቀበት። ዝናቡ ከዳሞታ እየወረደ አላባራ ብሏል። ፋንታዬ ገበያውን ትታ፣ ጋቢ ተከናንባ ቤት ዋለች። እህል ሲቀርብላት ትቀምስና ትገፋዋለች። "ተጫወታችሁ?" ማለቱንም ተወች። ሰው ሲፈራ ጥያቄውንም ይፈራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢሳይያስ የደንበኛ ስልክ ፈታትቶ ተቀምጦ ሳለ የራሱ ስልክ ነዘረ። ባዳቾ ገብቷል ይላል። ነጥቧ በርታለች። የያዘውን መፍቻ ጥሎ ለጨዋታ ጋበዘው፤ ተቀበለው። ተጫወተ፣ ተሸነፈም፤ መሸነፉ ግድ አልሰጠውም። ያ ጌም ላይ መጻጻፍ የለም፤ የተዘጋጀ ምልክት ብቻ ነው የሚላከው። እሱ ጭብጨባ ላከ፣ ያኛው አውራ ጣት መለሰለት። ኢሳይያስ ሱቁን በወጉ እንኳ ሳይዘጋ ባጃጅ ይዞ ቤቱ በረረ።

"እማዬ፣ ባዳቾ ተገኘ። አሁን አብረን ተጫወትን።"

ፋንታዬ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። "ድምፁን ሰማኸው?"

"ድምፅ የለውም፤ ስሙ በራ። ሲም ካርዱን ቀይሮ ይሆናል፣ ይደውላል።"

"በል እንግዲያው እንብላ" አለችና ጋቢዋን ከላይዋ ጣለች። ያን ቀን ሁለቱም እስኪጠግቡ በሉ።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። ኢሳይያስ በመጀመሪያው ቀን ነው ልቡ የነገረው። የተጫወተው ሰው ኳስ ያቀብላል። ወደ ኋላ ለግብ ጠባቂው እየመለሰ፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ ነው የሚጫወተው። በነጋታው አራት ገብቶበት እንኳ እስከ ፉጨቱ ቆየ። ባዳቾ ነው አራት ገብቶበት እስከ ፉጨት የሚቆየው? ኢሳይያስ ግን "ስደት አብስሎት ነው" ብሎ ራሱን አታለለ። የሚያሳዝነው ደግሞ አሮጌ ስልክ ገዝቶ መሸጥ ሥራው መሆኑ ነው። የሰው ፎቶ፣ የሰው አካውንት፣ የሰው ጌም እንዳለ ሳይጠፋ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ስንቴ አይቷል። ሌላ ሰው መጥቶ ይህን ቢያጫውተው "አንተ ሞኝ፣ ስልኩ ተሸጦ ነዋ" ብሎ በሳቀበት ነበር። የራሱ ጉዳይ ሲሆን ግን ያ ሁሉ እውቀት ሱቅ ውስጥ ቀረ። ባለቤቱ የማይፈልገው እውቀት ምን ይሠራል?

ፋንታዬ ሲጫወት አጠገቡ መቀመጥ ጀመረች። መነጽር ስለሌላት ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ ታስጠጋዋለች።

"የቱ ነው እሱ?"

"ቀይ የለበሱት ናቸው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉንም የሚያጫውታቸው እሱ ነው፣ እማዬ።"

ትንሽ አየችና "ከስቷል" አለች።

ደወለ ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ እዚያ አገር ስልክ ተወዷል ይላታል። ለምን በሌላ መንገድ አይጽፍም ስትለው፣ አዲሱ ስልኩ አይሠራለትም ይላታል። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጠራ ሄደ። እሷም ማመን ስለፈለገች አመነች።

በዚህ መካከል ሰፈሩ ሌላ ወሬ ሰምቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ቃለሕይወት የሚባል የቦዲቲ ልጅ እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ ሌላ ከተማ ይኖራል። የሰማው እንዲህ ነው፤ ባዳቾ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ መንገድ ላይ ዘራፊዎች ገድለውታል፣ ስልኩንም ወስደውበታል፤ ሬሳው በዚያ በሰው ወረቀት ስም ተመዝግቦ ሆስፒታል ተኝቷል። ቃለሕይወት ሬሳውን በዓይኑ አላየም። ቢሆንም ያገር ልጆችን አሰባስቦ ሬሳው ሶዶ እንዲመጣ ሁሉን አሰናዳ፤ የቀረው ሟቹ ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቤተሰብ ማግኘት ብቻ ነበር። ለእናት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ማሞ ደወለ። ጋሽ ማሞም እንደ ወጉ ሰው መርጠው፣ ቀን ቆርጠው፣ ጎሕ ሲቀድ መርዶ ይዘው መጡ።

ኢሳይያስ በሩን ሲከፍት ጋሽ ማሞና የቸርቻቸው ወንጌላዊ ቦልቴ ከሌሎች የእድሩ ሰዎች ጋር ጋቢ ደርበው አጥሩ ሥር ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ጋቢ ደርቦ ሰው በር ላይ የሚቆም ለምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል።

"እናትህ ተነሥታለች ወይ፣ ልጄ?" አሉ ጋሽ ማሞ።

"ስለ ባዳቾ ነው?"

ጋሽ ማሞ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ቀረቡ።

"ጋሽ ማሞ፣ ስለ ባዳቾ ከሆነ ተሳስታችኋል። ትናንት ማታ አብረን ተጫውተናል።"

ተያዩ። ወንጌላዊ ቦልቴ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉበት፤ ሐዘን አናቱ ላይ ወጥቶ ነው ብለው መሆን አለበት። ኢሳይያስ ስልኩን አውጥቶ ከፈተ። ምን ዓይነት የተረገመ ጠዋት እንደሆነ እንጃ፣ ነጥቧ በርታ ነበር። ጋበዘው፤ ተቀበለው። እንግዲህ ያን ጊዜ ማየት ነበር። እናት ሊያረዱ የመጡ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ አንዲት ስልክ ላይ ተደፍተው ኳስ ያያሉ።

"ይኼ የባዳቾ ስም ነው?"

"አዎ።"

"አሁን እሱ ነው የሚያንቀሳቅሰው?"

"አዎ፣ አሁን። በዚች ደቂቃ።"

ጋሽ ማሞ ነገር መርማሪ ሰው ናቸው፤ ስንት የድንበር ክርክር ፈትተዋል። ግን ስሙ በርቶ፣ ኳስ እያንቀረቀበ በዓይናቸው እያዩት ሞቷል ብለው እናት እንዴት ያስለቅሱ? "ሙት ኳስ አይጫወትም" አሉ በመጨረሻ። ወንጌላዊ ቦልቴ እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ።

ጋሽ ማሞ እዚያው አጥሩ ሥር ቆመው ለቃለሕይወት ደወሉ። "የእኛ ልጅ አይደለም። ወንድሙ ዛሬም አግኝቶታል፣ እኛም አይተናል። የሞተው የወረቀቱ ባለቤት ይሆናል" አሉት። ቃለሕይወት ደስ አለው። የማናውቀውን ሰው በወንድማችን ስም ልንልክ ነበር ብሎ ያሰባሰባቸውን ልጆች በተነ። ኢሳይያስ ይህን ሁሉ በጆሮው ሰምቷል። "አጨዋወቱ የእሱ አይመስልም" ቢል፣ ይህችን ብቻ ቢል፣ ቃለሕይወት አንድ ጊዜ ሄዶ አይቶ ይመለስ ነበር። አላለም። ከቤት ውስጥ እናቱ እየዘመረች ስትጠርግ ይሰማዋል።

ሽማግሌዎቹ ለምን እንደመጡ ፋንታዬ ኋላ ከጎረቤት ሰማች። እሑድ ቸርች ተነሥታ መሰከረች። "መርዶ ይዘው በሬ ድረስ መጡ፤ ጌታ ከበሬ መለሳቸው" አለች። ጉባኤው በእልልታ ተናጠ። እናቶች እየመጡ አቀፏት፣ ልጆቻቸው የተሰደዱባቸው ሁሉ እንድትጸልይላቸው ለመኗት። ኢሳይያስ ኋላ ተቀምጦ ከሰው ጋር አጨበጨበ። ምን ያድርግ?

ክረምቱ አልፎ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ተቃረበ። ሰፈሩ በሬ ሊገዛ ሽር ጉድ ይላል፣ ወጣቱ አመሻሽ ላይ እየተሰበሰበ ይጨፍራል። ፋንታዬ ቅቤ አንጥራ፣ በጠርሙስ አድርጋ፣ ወደ ባዳቾ አገር የሚሄድ ሰው ታጠያይቃለች። ኢሳይያስ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ጌሙን ከፈተ። ባዳቾ የሚል ስም የለም። በእሱ ቦታ ላይ፣ ካሸነፈውና ከተሸነፈው ታሪክ ጋር፣ የማያውቀው የባዕድ ስም ተቀምጧል። ነጥቧም ከጎኑ በርታለች። የስልኩ አዲሱ ባለቤት በሰው ስም መጫወት ሰልችቶት የራሱን ስም ጽፏል። ደግሞስ እሱ ምን አጠፋ? ከገበያ ስልክ ገዛ፣ ጌም አገኘበት፣ አንድ ሰው በየቀኑ ተጫወት ብሎ ሲለምነው ጨዋ ሆኖ እሺ አለ። ኢሳይያስ ስሙን ሲያይ ቆየ። ወዲያው ያ ሰውዬ ራሱ ጋበዘው። ኢሳይያስ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ለቃለሕይወት ደወለ። "ሄደህ እይልኝ፣ በናትህ። እኔ ሳልሳሳት አልቀረሁም።" ቃለሕይወት ሄደ። መልሶ ሲደውል ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር።

"ኢሱ፣ እሱ ነው። ሆስፒታሉ ያነሣውን ፎቶ አሳዩኝ፣ ባዳቾ ነው።"

"ላኩልን በቃ። ወረቀቱን ዛሬ አወጣለሁ። ሱቄንም ቢሆን ሸጬ..."

"የምንልከው የለም። ጠያቂ የሌለውን ሬሳ ብዙ አያቆዩም። ጠያቂ ካጡ ሌሎች ጋር ቀብረውታል። ቦታውን ጠየቅኩ፣ በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሰው ነው፣ ለይቶ ማውጣት አይቻልም አሉኝ።" ደግሞ ጨመረ፤ "ያኔ እኮ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ሣጥኑ ሳይቀር ተገዝቶ ነበር።"

ኢሳይያስ ጋሽ ማሞ ቤት ሄዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበር ቢሰጡት እምቢ አለ። ወንጌላዊ ቦልቴም ተጠርተው መጡ። ሁሉንም ነገራቸው፤ ያ ሰው ኳስ ማቀበሉን፣ እስከ ፉጨት መቆየቱን፣ እሱም ይህን እያወቀ ዝም ማለቱን። ሽማግሌዎቹ ስለ ኳሱ ብዙም አልገባቸውም፤ "እያወቅኩ" ያላት ግን ገባቻቸው። ኢሳይያስ በከዘራ ቢመቱት ደስ ባለው። ጋሽ ማሞ አልመቱትም። "መርዶ ይዤ ሄጄ ኳስ አይቼ የተመለስኩ ሽማግሌ ነኝ። ምን አፍ አለኝ?" አሉ።

ከዚያ መከሩ። የሽማግሌ ምክር ለቅሶን ማሳነስ ነውና መሞቱና ስልኩ በሌላ ሰው እጅ መግባቱ ይነገራት፣ ሬሳው ሊመጣ ይችል እንደነበር ግን አትስማ አሉ። አንዱን ሐዘን ከቻለች ብዙ ነው፣ ሁለት አይጫንባትም። ኢሳይያስ "እኔ ልንገራት፣ ትርገመኝና ይውጣልኝ" ብሎ ለመነ።

"ለአንተ ይውጣልህ ብለን እሷን እንግደላት?" አሉ ወንጌላዊ ቦልቴ። "ሆድ ይፍጀው በል።"

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ያው ሰዎች፣ ያው ጋቢ፣ ያው በር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በሩን የከፈተችው ፋንታዬ ነበረች። አየቻቸው፤ አልደነገጠችም። እንዲያውም ፈገግ ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

"ኢሳይያስ፣ ስልኩን አሳያቸው እንጂ።"

ኢሳይያስ አንገቱን ደፋ።

"ኧረ አሳያቸው፣ ቆመው ይውላሉ እንዴ?"

ጋሽ ማሞ "ፋንታዬ" ብለው ክንዷን ያዙ። የዚያን ጊዜ ነው የገባት። ጩኸቷ እስከ ታች ሰፈር ተሰማ።

ድንኳን ተጣለ። ከቦዲቲም ከበዴሳም ዘመድ መጣ። በለቀስተኛው መሀል የሚቀመጥ ሬሳ ስላልነበረ አንድ ፎቶና የትምህርት ቤት ሹራቡን አስቀመጡ። "ሬሳው አይመጣም ወይ?" የሚል ሲገኝ ጋሽ ማሞ "አገሩ ሩቅ ነው፣ አልተቻለም" ይላሉ። ሰውም ከንፈሩን መጦ ያልፋል። ኢሳይያስ ውሃ እያቀረበ፣ አግዳሚ እያደላደለ እንግዳ አስተናገደ። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው" ይለዋል። ድንኳኑ ሳይነሣ ጌሙን ከስልኩ አጠፋው።

ለቅሶው ከተበተነ በኋላ ፋንታዬ ደጅ ጸሐይ ላይ ተቀምጣ ሳለ ጠራችው። ተንበርክኮ አጠገቧ ተቀመጠ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስልኩን አንስተህ ስትጫወት አላይህም። በእኔ ምክንያት ነው?"

"አይደለም፣ እማዬ።"

"ሰው ምን ይላል ብለህ እንዳትተው። ሰው ብዙ ይላል። እኔ የምለውን ስማ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ያንን ክረምት አንተ ባትኖር አልሻገረውም ነበር። ያ የሚጫወተው ወንድምህ ባይሆንም፣ ለእኔ ግን ኖሮልኛል። አንተ ነህ ያኖርክልኝ። ሬሳውን አላየሁም፣ አፈርም አላለበስኩትም፤ ይኼ ከእግዚአብሔር ነው፣ በሰው እጅ ያለ ነገር አይደለም። አንተ ግን የምትችለውን ሁሉ አድርገሃል።"

ኢሳይያስ ሊናገር አፉን ሲከፍት እንባው ቀደመው። ፋንታዬ ሐዘኑ ያስለቀሰው መስሏት ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ እጇን ጠጉሩ ላይ ጭና መረቀችው።

"ለወንድምህ እንደሆንከው እግዚአብሔር ለአንተም እንዲሁ የሚሆን ሰው ይስጥህ።"

የእናት ምርቃት ያለ አሜን አይቀርም። ፋንታዬ እጇን ሳታነሣ ጠበቀች።

"አሜን" አላት።